የምሩ 5.4.5

መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ አስደንጋጭ ነገር ይፋ አደረገ። ከርቀት ወደ ኮምፒውተር ለመግባት ሲሞክር ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና ምክንያቱን ፍለጋ ገባ። ፋይል አምቆ በሚያሳንሰው ኤክስዜድ በተባለ ፕሮግራም፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ፣ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። በዚያ ሰሞን በአብዛኛው የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ወራት አልፈው ነበር። በዚያው ክልል ሰቆጣ ተቀምጦ ደቢያን ሊኑክስ በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ ሰው ወሬውን በስልክ ቢሰማ፣ «የእኔስ ኮምፒውተር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ሊያገኝ የሚችለው ከዚያው ከኮምፒውተሩ ነው። እንዲህ እንዲሆን አስበው የሠሩት የደቢያን ሰዎች ናቸው፤ ጥበባቸውም የቨርዥን ቁጥሩ ላይ ይታያል።

የጓሮ በሩ ደቢያን የገባው በሙከራ ላይ ወዳሉት ቅርንጫፎች ብቻ ነበር። እነሱን ለማዳን የወጣው ፓኬጅ ቁጥሩ 5.6.1+ሪሊ5.4.5-1 ነው። ይህን ቁጥር ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አሁንም ያስደንቀኛል። የተበከለውን ጥሎ ወደ ቀድሞው 5.4.5 መመለስ ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን አፕዴት የሚያደርገው ፕሮግራም ከተጫነው የሚበልጥ ቁጥር ካላየ ንቅንቅ አይልም፤ 5.4.5 ደግሞ ከ5.6.1 ያንሳል። ስለዚህ የተበከለውን ቁጥር አስቀደሙና «ሪሊ»፣ ማለትም የምሩ፣ ብለው እውነተኛውን ከኋላው ቀጠሉበት። ማሽኑ 5.6.1 ላይ ጭማሪ ስላየ ይበልጣል ብሎ ይቀበላል፤ ሰው ደግሞ ውስጡ ያለው 5.4.5 መሆኑን ያነባል። 5.6.2 ብለው ቢጽፉም ማሽኑ ይቀበል ነበር፤ አንባቢውን ግን ይዋሹት ነበር። እነሱ አልዋሹም።

የቨርዥን ቁጥርን ጅራትም ልብ ማለት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ኸርትብሊድ የተባለው ክፍተት ሲጋለጥ፣ አዘጋጆቹ በ1.0.1ጂ ቨርዥን ደፈኑት። ደቢያን 7 ግን ወደ አዲሱ አልዘለለም። በእጁ ያለውን 1.0.1ኢ እንደያዘ፣ የተበላሸችውን ቦታ ብቻ አርሞ 1.0.1ኢ-2+ደብ7ዩ5 ብሎ አወጣ። በሰቆጣ ዙሪያ፣ በዋግ ደብሮች የሚጽፍ የብራና ጸሐፊም አንዲት ቃል ቢሳሳት መጽሐፉን እንደገና አይገለብጥም፤ ቃሏን ፍቆ ትክክለኛዋን በቦታዋ ይጽፋል። ፊተኛውን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚፈርድ መመርመሪያ «ክፍተት አለበት» ብሎ ያስደነግጣል። ጅራቱን የሚያነብ ግን ደብ7 ደቢያን 7ን፣ ዩ5 አምስተኛውን እርማት እንደሚያመለክት ያውቃል። ሌላው ነገር ሁሉ እንደነበረ ስለሚቀር፣ በላዩ የተሠራ ሥራ አይፈርስም። ኔትወርክ እየመጣ በሚሄድበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ሰው በእጁ የሚሞላው ተራ የጽሑፍ መዝገብ አለ። የዓለም የክፍተት መለያ የሆነው ሲቪኢ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ወደ 40 ሺህ ገደማ ቁጥሮች ሰጥቷል። የደቢያን የደህንነት ቡድን እየተቀበለ ይለያቸዋል፦ ይህ እኛን አይመለከትም፣ ያኛው በዚህ ቨርዥን ተደፍኗል፣ ይሄኛው ገና ነው። ሲቪኢ-2024-3094 የተባለው የኤክስዜድ ጉድም በመዝገቡ ላይ መስመር አለው፤ የተረጋጉት ቅርንጫፎች እንዳልተነኩ ተጽፎበታል። ደቢያን 12 ይዞት የነበረው ኤክስዜድ 5.4.1 ነው፤ ተንኮሉ ከመግባቱ በፊት የወጣ።

የሰቆጣው ሰው ኮምፒውተሩ ደቢያን 12 ከሆነ፣ የተጫኑትን ፓኬጆች ዝርዝር ሲያስወጣ ይህንኑ 5.4.1 ያያል። ከፓኬጁ ጋር ዲስኩ ላይ የሚቀመጠውን የለውጥ መዝገብ ቢከፍት፣ የትኛው እርማት መቼና ስለምን እንደገባ ያነባል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። አዲስ እርማት ከተፈረመበት ዝርዝር ጋር በፍላሽ ተጭኖ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ ቢመጣለት እንኳ፣ ኮምፒውተሩ ፊርማውን እዚያው ያረጋግጣል። አንዲት ባይት የተለወጠችበትን ፓኬጅ አልጭንም ይላል።