ድር፣ ማግ እና ፒክስል

ሀዋሳ በ2008 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ትልልቅ ክንውኖችን አይታለች፤ በኅዳር ወር የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር፣ በሐምሌ ደግሞ በጨርቃ ጨርቅና በአልባሳት ላይ ያተኮረው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በዚህች ከተማ ለበዓል ወደ ጉዱማሌ፣ ማለትም ሕዝቡ ለበዓልና ለጉባኤ ወደሚሰበሰብበት አደባባይ፣ የሚወጣው ሰው የሚያጌጥበት የአገር ልብስና ንድፉ በኮምፒውተር ተሰናድቶ በፋብሪካ የሚሰፋው ልብስ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የሸማኔውን ጥለት ወደ ዲጂታል ንድፍ የሚያሸጋግር ባለሙያ ሥራውን ከየት ይጀምር የሚለው ጥያቄም ለሀዋሳ የቅርብ ጥያቄ ነው።

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከፎቶግራፍ ነው። የአንድ ነጠላ ጥለት ፎቶ ይነሳል፣ ጠርዙ በኮምፒውተር ይስተካከላል፣ ቀለሙ ይደምቃል፣ ከዚያም በተዘጋጀ ጨርቅ ላይ ይታተማል። በዚህ መንገድ የሚገኘው የጥለት ሥዕል ነው፤ እውነተኛው ጥለት ግን ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወለዳል።

ይህን ለመረዳት የሽመናን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ድር በቁመት የሚወጠረው ክር ሲሆን፣ ማግ ደግሞ በመወርወሪያ ተይዞ ድሩን በአግድም የሚያቋርጠው ክር ነው። በጋሞ ደጋ፣ በተለይም በዶርዜ፣ ከአባት ወደ ልጅ በወረደው ሙያ ሸማኔው እግሮቹን ወደ ጉድጓድ አውርዶ ይቀመጥና ድሩን በእግሩ እያዘዘ ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ወገን ሲነሳ ሌላው ሲወርድ ማጉ በመካከላቸው ያልፋል። ጥለቱ በሚወጣበት ቦታ ባለቀለሙ ክር በጣት በተቆጠሩ ድሮች መካከል እየገባ ከዋናው ማግ ጋር ተመትቶ ይጠብቃል። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ እንግዲህ ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ባለቀለሙ ክር ከድሩ በላይ ይታያል ወይም ከበታቹ ይደበቃል።

ኮምፒውተርም መረጃን የሚይዘው በዜሮና በአንድ፣ ማለትም በሁለት ምርጫዎች ነው፤ ዝምድናውም የታሪክ ዝምድና ነው። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ዣካር በ1804 እ.ኤ.አ. የትኛው ድር እንደሚነሳ በተበሱ ካርዶች የሚታዘዝ የሽመና መሣሪያ ሠራ፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅም ያንኑ የካርድ ሐሳብ ለስሌት መሣሪያው ንድፍ ወሰደው። ስለዚህ ሸማኔና የኮምፒውተር ባለሙያ ሲገናኙ የሚገናኙት ሁለት ባዕዳን ሳይሆኑ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ሆኖም ዝምድናው መመሳሰል ማለት አይደለም። በኮምፒውተር ገጽ ላይ ምስል የሚሠራባት ትንሿ ነጥብ፣ ፒክስል፣ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ጎን ያላት ካሬ ናት፤ የሸማኔው ነጥብ ግን እንደ ክሩ ውፍረት ይለያያል። ዛሬ ብዙ ጊዜ ድሩ ቀጭን የፋብሪካ ክር፣ ማጉ ደግሞ በእንዝርት የተፈተለ ወፈር ያለ የእጅ ፈትል ነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 20 ድርና 15 ማግ የሚገባበትን ጨርቅ ለአብነት ብንወስድ፣ በኮምፒውተር 60 በ60 ነጥብ ሆኖ የተነደፈ ጌጥ ሲሸመን ወርዱ 3፣ ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በገጹ ላይ እኩል የነበረው ጌጥ ጨርቁ ላይ ይረዝማል። እንዲሁም ባለቀለሙ ክር ሳይታሰር ብዙ ድር ከዘለለ ይላላል፣ በጣት ቀለበትም ተይዞ ይሳባል። ንድፍ አውጪው እነዚህን ልኮች ከሸማኔው ጠይቆ ፍርግርጉን በዚያ መጠን ካላሰናዳ፣ ያማረ ፋይል ሠርቶ የማይሸመን ጥለት ያስረክባል።

ሁለተኛው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። ሽመና የተማረ እጅ ጥለቱን የሚያወርሰው ለዓመታት አብሮ ለተቀመጠ ልጅ ሲሆን፣ ፋይል ግን በቅጽበት ማንም ዘንድ ይደርሳል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ የሚሰጠው ንድፉ አዲስ ሲሆን ነው፤ ከትውልድ ትውልድ የወረደ ጥለት ደግሞ አዲስ ሊባል አይችልም። ቢሆንም ኢትዮጵያ የሲዳሞን፣ የይርጋጨፌንና የሐረርን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ባደረገችው ጥረት በ1999 ዓ.ም. ከቡና ኩባንያው ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ መድረሷ፣ የአንድ አካባቢ ስም ራሱ ዋጋ ያለው ሀብት መሆኑን አስተምሯል። ጥለትን ወደ ዲጂታል መዝገብ የሚያስገባ ባለሙያም ቢያንስ የመጣበትን አካባቢ፣ በፈቃዱም የሸማኔውን ስም፣ የድርና የማጉን ቁጥር፣ ጥለቱ በየትኛው በዓልና ልብስ ላይ እንደሚውል ከምስሉ ጋር አብሮ ማስፈር ይገባዋል።

በሀዋሳ ንድፍ የሚማሩ ወጣቶች ኮምፒውተሩን ከመክፈታቸው በፊት ከአንድ ሸማኔ አጠገብ ይቀመጡ፤ ድሩን በጣታቸው ይቁጠሩ፤ የሠሩትንም ንድፍ መጀመሪያ ለእርሱ ያሳዩ። እርሱ «ይህ ይሸመናል» ያለው ንድፍ ለዲጂታሉም ዓለም የበቃ ንድፍ ነው።