የወይን ልጣጭና የቀይ ሥር ክርክር

በቤታቸው ወይን ጠጅ የሚጥሉ የአዲስ አበባ ሰዎች ከጀማሪ ሁሉ የሚሰሙት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከዘቢብ የተጣለው ስለ ምን ጉደር እንደተባለው የፋብሪካ ወይን ጠጅ ቀልቶ አይወጣም የሚል ነው። ጥፋቱ የጣዩ ሳይሆን የፍሬው ነው። ጭማቂያቸው ራሱ ቀይ ከሆነ ጥቂት ዝርያዎች በቀር፣ የጥቁር ወይን ጭማቂ ነጣ ያለ በመሆኑ፣ ልጣጩ ከጥንስሱ ማለትም መፍላት ከጀመረው ድብልቅ ጋር ለቀናት ካልሰነበተና ወደ ላይ በተንሳፈፈ ቁጥር ጠዋትና ማታ ካልተደፈቀ አይቀላም። በገበያ የሚገኘው ዘቢብ ግን በአብዛኛው በፀሐይ ደርቆ የጠቆረ ነጭ ወይን ስለሆነ፣ የቱንም ያህል ቢዘፈዘፍ ከቡናማ ወርቅማነት አያልፍም።

ይህን ለመሸፈን ቀይ ሥር የሚጨምሩ አሉ፤ ልማዱ ግን የሚደገፍ አይደለም። ቀይ ሥር ቀለም እንጂ ከልጣጭ የሚገኘውን፣ ምላስን ጨምደድ የሚያደርገውን ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር አይሰጥም፤ የአፈር ጠረኑም ወይኑን ይጫነዋል። ዓይን በብርሌው ቢታለል ምላስ አይታለልም፤ ወርቅማው በወርቅማነቱ ቢቀርብ ይሻላል።

ደግሞም ዘቢብ የድሃ ምትክ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የቅዳሴው ወይን ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ ጽፏል፤ ዛሬም በቤተ ልሔም፣ የቍርባኑ ኅብስትና ወይን በሚሰናዳበት ቤት፣ ዘቢብ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል። ቋንቋውም ቢሆን የወይኑን መጠጥ በማሩ መጠጥ ስም ወይን ጠጅ ብሎ፣ ይህንኑ ስም መልሶ ለቀለም ሰጥቶታል፤ ወይና ደጋ የሚለው የአየር ጠባይ መጠሪያም ወይንን ተሸክሟል።

በአዲስ አበባው የልደታ ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የነበሩ ብዙ የግቢ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ከተተካ ወዲህ፣ በጓሮ ጥላ ይቀመጥ የነበረው ጋን በረንዳ ላይ ባለ የፕላስቲክ በርሜል ተለውጧል፤ ክዳኑ ጥብቅ ከተደረገ ጋዙ ያፈነዳዋል፣ ላላ ካለ ደግሞ ሽታው ደረጃውን ወርዶ ጎረቤትን ይጠራል። ጣዮቹ ግን ቀኑን ከግንቦት 1፣ ከልደታ ማርያም በዓል፣ ወደ ኋላ ቆጥረው መዘፍዘፋቸውን አልተዉም፤ ለልደታ ንፍሮው ከሕንፃው ሥር ሲታደል፣ ያ ወርቅማ ወይን ጠጅ ከአተላው ተጠልሎ በሃይላንድ ጠርሙስ ይወርዳል።