ሳይሞቅ የማይዘፍን ዕቃ

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ዕቃ ልጽፍላችሁ ነው። የምሠራበት ቤት ያለ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ነው። የማዳም ልጅ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳየዋል። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ አቧራውን ጠርጌለታለሁ፤ ስለዚህ ስለ እሱ አስተያየት ለመስጠት የሚከለክለኝ ያለ አይመስለኝም።

ስሙ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ነው። የአሜሪካ ሥራ ነው፤ በፈረንጆች 1963 ነው መሠራት የጀመረው። ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ፣ ጉልበቱ 22 ዋት፣ ስፒከሩ አንድ ብቻ። ከኋላው ስታዩት አምፖል የሚመስሉ ዘጠኝ ብርጭቆዎች ቁልቁል ተሰክተዋል፤ ቱቦ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ሲበራ ወዲያው አይጮህም። መጀመሪያ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ክር ቀስ እያለ ይቀላል፣ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ድምፅ የሚመጣው ያኔ ነው። አስረኛ ክፍል ኤሌክትሮንን ለፈተና ሸምድጄ ነበር። ሥራ ሲሠራ ያየሁት ግን ቤይሩት፣ የሰው ሳሎን ውስጥ ነው።

ሆዱ ውስጥ ደግሞ ስፕሪንግ ያለበት ሳጥን አለ። ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚያደርገው እሱ ነው። አንዴ በርቶ እያለ በመወልወያ ገጨት ባደርገው ነጎድጓድ የወረደ መሰለኝ! ማዳም ከኩሽና ሮጣ መጣች።

አሁን ወደ ፍርዱ ልግባ። ልጁ "አሮጌ ስለሆነ ነው ጥሩ የሆነው" ይላል። እኔ አልስማማም። አሮጌ ሆኖ የማይረባ ዕቃ እዚያው ቤት ሞልቷል። ይሄኛው ጥሩ የሆነው ለእጅ መልስ ስለሚሰጥ ነው። ገመዱን ቀስ አድርጎ ሲነካው ድምፁ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው። ጠንከር አድርጎ ሲመታው ይጎረንናል፣ ይሻክራል፣ ለቅሶ እንደያዘው ሰው ጉሮሮ ይሆናል። ስልካችንን እስከ መጨረሻ ስንከፍተውም ድምፁ ይበላሻል፤ እሱ ግን በመቀስ እንደ መቁረጥ ነው፣ ጆሮ ይወጋል። ቱቦው ሲበዛበት በአንዴ አይቆርጥም፣ ቀስ እያለ ነው የሚጨፈልቀው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ1964 ለንደን ውስጥ ዘ ኪንክስ የሚባል ባንድ ጊታር ተጫዋች ዴቭ ዴቪስ ይሄን የሻከረ ድምፅ ፈልጎ የትንሽ አምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ቀዶታል። ሰው ብልሽት የሚለውን እሱ ሆን ብሎ ነው የፈለገው።

እንከን የለውም ወይ? አለው እንጂ። የተሠራው ለአሜሪካ መብራት ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር እዚህ 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ቱቦው ያረጃል፣ መቀየሪያውም ርካሽ አይደለም። ደግሞ አደገኛ ነው። የምታጸዱበት ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ካለ እርጥብ ጨርቅ አታስነኩት፤ ተነቅሎም ቢሆን ከኋላው እጃችሁን አታስገቡ፣ ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ አስቀምጦ ይቆያል።

የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ። የመንግሥት መብራት ሲጠፋ የምንኖረው በጄኔሬተር ኢሽቲራክ ነው። የእኛ ቤት 10 አምፔር ነው። ፍሪጁ፣ አምፕሊፋየሩና ካውያው አንድ ላይ ሲሆኑ ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር አምፕሊፋየሩ ብዙ አይበላም፤ በላተኛው ካውያው ነው። ስለዚህ "አቁሚ" የምባለው እኔ ነኝ። እሱ ተጫውቶ ሲጨርስ እኔ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ይሄን የጻፍኩት ዕቃውን ለመጥላት አይደለም። ግን ያ የሚያምር ድምፅ በማን እንቅልፍ እንደሚከፈል ሳልጽፍ ባልፍ ግምገማዬ ጎዶሎ ይሆናል።

አንድ ቀን ልጁ ጠራኝ። ኢትዮፒክስ የሚባለው ፈረንሳይ የሚታተም የሲዲ ተከታታይ ሰባተኛው እጁ ላይ ነበር፤ የማህሙድ አህመድ "ኧረ መላ መላ"፣ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 የተቀረጸው። ጊታሩን በአምፕሊፋየሩ እያስመሰለ ስንት ቀን ሞክሮ አልመጣለትም። "መላ ማለት ምንድን ነው?" አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ "የት አስቀመጥሽው" እንጂ "ምን ማለት ነው" ተብዬ አላውቅም። መውጫ ያጣ ሰው መውጫ ሲፈልግ የሚለው ነው አልኩት። ዝም አለና እንደገና ተጫወተ። ትንሽ ተሻለ፤ ግን አሁንም ይቸኩላል።

እኔ እንደሚመስለኝ ዕቃው አይደለም የጎደለው። ማህሙድ ጫማ ሲጠርግ ያደገ ሰው ነው። አዲስ አበባ አሪዞና ክለብ ውስጥ በተላላኪነት ሲሠራ ዘፋኙ የቀረ ቀን ነው መድረክ ላይ የወጣው። ከ1974 በኋላ ደግሞ በሰዓት እላፊው ምክንያት ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበር፣ ሙዚቀኛውም እስኪነጋ ይጫወታል። በር ተዘግቶበት የሚሠራ ሰው ድምፁ ለምን እንደሚሻክር ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እሑድ ዳውራ ስንገናኝ የምንጨፍረው በአንድ ኪቦርድ ነው፤ ከበሮውም ቤዙም ጡሩንባውም ከአንድ ጣት ይወጣል። አልንቀውም፣ አቅማችን እሱ ነው። ግን ኪቦርዱ ቀስ ብለው ቢነኩትም አጥብቀው ቢነኩትም ከበሮው ያው ነው። መላ መላን በእሱ ስንጫወተው ዘፈኑ ጭፈራ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ጭንቀቱ ይጠፋል። ከመካከላችን ክራር የምትችል እህት አለች። በሚቀጥለው እሑድ ኪቦርዱን አጥፍተን እሷ በክራር፣ እኛ በጭብጨባ እንሞክረው። መጀመሪያ ላይ ይቀዘቅዝብን ይሆናል። ያም ዕቃ ቢሆን ሳይሞቅ አይዘፍንም።