«ወሎዬ አያዝንም» ያለው ማነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ተረቱን ያስታወሰችኝ ሐርቡ ናት። ከደሴ በኮምቦልቻ አድርጌ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ አንዲት ቡና ቤት አረፍ አልኩ። ቴሌቪዥኑ የወሎ ክሊፕ ያሳያል፤ ቆነጃጅቱ ሹሩባ ተሠርተው መስክ ላይ እስክስታ ይወርዳሉ። ያምራል፣ አይካድም። አጠገቤ ያለው ወጣት ግን ቀና ብሎም አላየው። ከሳዑዲ ከተመለሰ ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል አሉ። ባለቡናዋ «ምነው ተከዝክ? ወሎዬ እኮ ጨዋታ እንጂ ትካዜ አያውቅም!» አለችው። «ልክ ነሽ እትዬ» ብሎ ዝም አለ።

ቅሬታዬ ከሴትዮዋ አይደለም፤ ከክሊፑ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «አንድን ሥራ ስትመዝኑ ያሳየውን ብቻ ሳይሆን የተወውንም ቁጠሩ» እል ነበር። እንቁጠር እንግዲህ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። አገር ሙሉ ናፍቆቱን የሚያዜምበትን ቅኝት በስሙ ያስጠራ ምድር፣ የገዛ ልጁን «ገራገር ነህና ሳቅ» ይለዋል?

ወዳጃስ? ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ የጨነቀው ሰው ሐጃውን ይናገራል፣ የተሰበሰበው «አሚን» ይላል። በአቦል ያልደፈረ በቶና፣ በቶና ያልደፈረ በበረካ ይተነፍሳል። ክሊፑ ስኒውንና ጭሱን ወስዶ ተናጋሪውን አስቀርቶታል። ባህሉ ግን ቀሚሱ ብቻ አልነበረም፤ ጆሮም ነበር።

ወዳጃ ሁሉን ይፈውሳል አልወጣኝም። እንቅልፍ ላጣ ሰው ጫቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሐኪም የሚያሻው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ዱአውም አይከለክለውም። ግን ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው አስቀድሞ «ጨንቆኛል» ለማለት የቻለ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተባረው ተመልሰዋል። ደሴና ኮምቦልቻም የ2014ን ኅዳር በጦርነት ነው ያሳለፉት። ይህን ሁሉ ያየ ወጣት ማዘኑ ወሎዬነቱን አይቀንስበትም።

የሚቀጥለውን ክሊፕ የምትሠሩ ሆይ፣ እስክስታው ይቆይልን። ብቻ ከጀበናው አጠገብ አንድ ልጅ ሲናገር፣ ሌላው ሲያዳምጠው አሳዩን። እኛም ቡና ስንጠጣ «ምነው ተከዝክ?» ካልን፣ መልሱን እንስማ።