36 ቶን በጠረጴዛ ላይ

የታንክ ሞዴል መመዘን የሚያውቅ ሰው ከላይ ወደ ታች አያይም። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያስተካክልና ታንኩን መሬት ላይ የቆመ እግረኛ ወታደር በሚያይበት ከፍታ ያየዋል። በእንግሊዟ ቴልፎርድ ከተማ በየዓመቱ በኖቬምበር ወር እንደሚካሄደው ባለ ታላቅ የሞዴል ትርኢት ላይ ዳኛውን ከጎብኚው የሚለየው ይኸው አጎነባበስ ነው። ጎብኚው ቀለሙን ያደንቃል። ዳኛው ትንሽ የእጅ ባትሪ በጎማዎቹ መካከል እያበራ ክብደት ይፈልጋል። ጥቂት መቶ ግራም የሚመዝን ፕላስቲክ 36 ቶን ብረት መስሎ መሬቱን ተጭኖታል ወይስ መሬቱ ላይ ተንሳፏል? ሌላው ጥያቄ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለማሳያ ቲ-55 ታንክን መውሰድ ይቻላል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ያመረተችው ይህ ታንክ በብዙ አገሮች ሠራዊት እጅ የገባ በመሆኑ፣ የሞዴል አምራቾችም ደጋግመው ሠርተውታል። ለኢትዮጵያ አንባቢም እንግዳ አይደለም። በኦጋዴን ጦርነት ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ከመጡት መሣሪያዎች አንዱ ነበር፤ በላዩ የተዋጉ ታንከኞችም ዛሬ በመካከላችን አሉ። የቲ-55 ሞዴል ሲመዘን ከእነሱ የተሻለ ዳኛ አይገኝም፤ ጥላሸቱ በየትኛው ጎን እንደሚወጣ ሥዕል ሳያዩ ያውቁታልና።

አብዛኞቹ የታንክ ሞዴሎች የሚሠሩት በ1/35 ነው። ይህ ልክ የመጣበት መንገድ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚሄድ ሞዴል አድርጎ ሲያወጣ፣ መጠኑን የወሰነው ሆዱ ውስጥ ሁለት የባትሪ ድንጋይ መግባት ስላለበት ነበር። ኋላ ሌሎች ታንኮችን በዚያው ልክ ማውጣት ሲታሰብ የኩባንያው ሹንሳኩ ታሚያ ፓንተሩን ለክተው 1/35 ገደማ ሆኖ አገኙት። የባትሪ ድንጋይ ያመጣው ቁጥር የመላው ዓለም መለኪያ ሆኖ ቀረ።

ይህን ቁጥር በጭንቅላቱ የያዘ ተመልካች ግማሹን መንገድ ሄዷል። ሞዴሉ ላይ ያለች 1 ሚሊ ሜትር እውነተኛው ታንክ ላይ 35 ሚሊ ሜትር ናት። ከነመድፉ 9 ሜትር የሚሆነው ቲ-55 ጠረጴዛ ላይ ወደ 26 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ባለ 100 ሚሊ ሜትሩ መድፍ ቀዳዳ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

መድፉ ለጀማሪ ተመልካች ጥሩ መነሻ ነው። በብዙ ኪቶች፣ ማለትም ገና ባልተገጣጠሙ የሞዴል ሳጥኖች ውስጥ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ይመጣል፤ ሠሪው ሁለቱን ግማሾች አጣብቆ የተጋጠሙበትን መስመር በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት አለበት። ችግሩ እዚህ ይጀምራል። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሞረደ እጅ መስመሩን ያጠፋል፣ ክቡንም አብሮ ያጠፋል፤ መድፉ ጎኑ ጠፍጣፋ ይሆናል። ባትሪ በመድፉ ርዝመት ሲበራ የሚያብረቀርቀው ቀጭን መስመር መድፉ ከተተከለበት ተሽከርካሪ ክፍል፣ ከቱሬቱ፣ እስከ አፈሙዙ ሳይሰበርና ሳይሰፋ ከሄደ ሥራው ንጹሕ ነው። ይህን ድካም ላለማየት በቶርኖ የተቆረጠ የአሉሚኒየም መድፍ ገዝቶ የሚተካም አለ፤ በዚህ ማንም አይነቅፈውም።

ከዚያ ጎማዎቹ ይታያሉ። ቲ-55 በየጎኑ አምስት ትልልቅ ጎማዎች አሉት፤ አሥሩም ከሥራቸው ያለውን ሰንሰለት መንካት አለባቸው። ዳኛ የሰው ሞዴል ስለማይነካ ባትሪውን ከወዲያ በኩል አብርቶ ከሥር ብርሃን የሚያሾልክ ጎማ እንዳለ ያያል። አንድ ጎማ በአየር ላይ ከቀረ በላዩ የፈሰሰው ቀለምና ጥበብ ሁሉ አያድነውም። የፕላስቲኩ መጋጠሚያ ክፍተት በስቱኮ መሞላቱ፣ ቅርጽ ማውጫው ትቶት የሄደው ክብ ጠባሳ መጥፋቱ፣ ከፊት ሲታይ ቱሬቱ ወደ አንድ ጎን አለማዘንበሉም በዚሁ ዙር ያልቃል።

ስለ ንጽሕና ሲነሳ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ብሮንኮ የተባለው የቻይና አምራች በ1/35 ባወጣቸው የጣሊያን ኤል 3 ታንኮች ላይ ወጥመዱ ጎልቶ ይታያል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወርር ያሰለፈቻቸው ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙት ትንንሽ ታንኮች እነዚህ ናቸው፤ ሞዴላቸው 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የኤል 3/35 ብረት በአመዛኙ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ መላ አካሉ በቡሎን ራስ የተሞላ ነው። መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልስ ሰው ሳያስበው ቡሎኖቹን ይበላቸዋል። ጥንቁቅ ሠሪ ከትርፍ ፕላስቲክ ላይ አዲስ የቡሎን ራስ በምላጭ ቀርፎ፣ በወረንጦ አንስቶ፣ በጠብታ ሙጫ መልሶ ይተክላል። ተመልካቹ ረድፉን በዓይኑ ይቁጠር፤ መሐል ላይ ጥርስ የጎደለ ከመሰለ ሠሪው ቸኩሏል ማለት ነው።

በዚሁ ታንክ ላይ ከእጅ ሥራ በላይ የታሪክ ዕውቀትም ይፈተናል። ኤል 3 የሚዞር ቱሬት የለውም። መትረየሶቹ ከፊት በግራ በኩል የተተከሉ ናቸው፣ ወደ ጎን የሚንቀሳቀሱትም ጥቂት ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ሠራዊት ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ሲገፋ ያገኛቸውን እነዚህን ታንኮች ከጎንና ከኋላ እየተጠጋ ከጥቅም ውጭ ማድረግ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መትረየሶቹን ወደ ቀኝ ክንፍ አዙሮ የለጠፈ ሞዴል ሠሪ፣ ሥራው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ያኔ የሆነውን ነገር አላወቀም።

ወደ ቲ-55 እንመለስ። ክብደቱ ከምንም በላይ የሚታየው በሰንሰለቱ ላይ ነው።

ብዙ ታንኮች የላይኛውን ሰንሰለት የሚሸከሙ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች አሏቸው። ቲ-55 የለውም፤ ሰንሰለቱ በቀጥታ ጎማዎቹ ጀርባ ላይ ይተኛል። በየጎኑ 90 ገደማ የብረት ቁራጮች የተያያዙበት ከባድ ነገር ስለሆነም በጎማና በጎማ መካከል በገዛ ክብደቱ ይረግባል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ያለው ክፍተት ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ነው፤ ቲ-55ንና ቀዳሚውን ቲ-54ን ከሌሎች ታንኮች ከሩቅ የሚያስለየውም ይህ ክፍተት ነው። እዚያ ላይ መርገቡ ጎልቶ መታየት አለበት። ከመጨረሻው ጎማ ተነስቶ ወደ ኋለኛው ጥርሳም ተሽከርካሪ የሚወጣው ክፍል ደግሞ የተለየ ጠመዝማዛ አለው። የድሮ ኪቶች ሰንሰለቱን እንደ ላስቲክ ቀበቶ አንድ ወጥ አድርገው ስለሚሰጡ ከጎማዎቹ በላይ ቀጥ ብሎ ይወጠራል፤ ያኔ ታንኩ ወዲያውኑ መጫወቻ ይሆናል። የሚታገል ሠሪ ላስቲኩን ወደ ታች ስቦ ከጎማው ጋር ያጣብቀዋል። ሌላው ቁራጮቹን አንድ በአንድ ይቀጥላል። ከዚያም የባሰ የሚደክመው በሽቦ እየተሰካካ የሚያያዝ የብረት ሰንሰለት ይገዛል፤ ይህኛው እውነተኛ ክብደት ስላለው ማንም ሳያስተምረው ራሱ ይረግባል። መንገዱ የሠሪው ምርጫ ነው። ዳኛው የሚጠይቀው ግራና ቀኙ በተመሳሳይ ልክ መርገቡንና ሰንሰለቱ የጎማውን ጀርባ በትክክል መንካቱን ነው።

ከክብደት ቀጥሎ ስስነት ይመጣል። የቲ-55 ፓራፋንጎ ተራ ላሜራ ነው። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው ብንል እንኳ በ1/35 ከአንድ ወረቀት አይበልጥም። ፕላስቲክ በዚህ ልክ ሊወጣ ስለማይችል የኪቱ ፓራፋንጎ ጠርዝ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ይህም በእውነተኛው ልክ 35 ሚሊ ሜትር ነው። የጭቃ መከላከያ ላሜራ ጥይት መከላከያ ሆነ ማለት ነው። ጎበዝ ሠሪ ጠርዙን ከሥር በኩል ይሞርደዋል ወይም በአሲድ ተበልቶ በወጣ ስስ የነሐስ ላሜራ ይተካዋል፤ ከዚያ አጠፍ፣ ጎበጥ ያደርገዋል፣ ጫካና ድንጋይ ያለፈ ታንክ ፓራፋንጎው ደህና ሆኖ አይቀርምና። ግን ነሐስ ስለተገዛ ብቻ ነጥብ አይሰጥም። ከነሐስ ላሜራ የሚቆረጥ እጀታ ጠፍጣፋ ነው፣ በታንኩ ላይ ያለው እጀታ ደግሞ ክብ ዘንግ ነው። በርካሽ የመዳብ ሽቦ የታጠፈው እጀታ ከውዱ ነሐስ ይበልጣል።

የብረቱ ዓይነትም ይለያል። የቲ-55 ቱሬት ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ ነው፣ ገጹ ሻካራ ነው። አካሉ ግን በብየዳ የተጋጠመ ዝርግ ብረት ነው። ሠሪው ቱሬቱን በቀጭን ስቱኮ እየነካካ ካላሻከረው፣ ብየዳውንም ካላሳየ፣ ሁለቱ ከአንድ ፕላስቲክ የወጡ መሆናቸው ያስታውቃል።

ስሙም በጥንቃቄ ይነበብ። ከሞዴሉ ጎን በሚቀመጠው ካርድ ላይ «ቲ-55» ተብሎ ተጽፎ ቱሬቱ አናት ላይ በቀኝ በኩል ወደ ፊት የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው የአየር መሳቢያ ጉልላት ከታየ፣ ያ ቱሬት የቲ-54 ነው። በቲ-55 ላይ ጉልላቱ ቀርቷል። ከሁለት ኪት አዋህዶ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ቀለም ላይ ሲደረስ ጠቢባኑ ራሳቸው ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ሚግ ሂሜኔዝን የመሰሉ የስፔን ሠሪዎች ያስፋፉት አሠራር አለ፤ የእያንዳንዱን ብረት አናት አፍክቶ ሥሩን አጥቁሮ፣ አንድ አረንጓዴ ብቻ የነበረውን ታንክ በብርሃንና በጥላ ይከፋፍለዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በትንሽ ነገር ላይ የተፈጥሮ ብርሃን ደካማ ጥላ ስለሚጥል ቅርጹ እንዲነበብ ይረዳል። ጉዳቱ የሚመጣው ሲበዛ ነው። እያንዳንዱ ሳጥንና እያንዳንዱ ክዳን የየራሱ ፀሐይ ያለው ከመሰለ፣ ዓይን ሥዕሉን እንጂ ታንኩን አያይም። የተሻለው ሥራ ከአንድ ሜትር ርቀት አንድ ቀለም መስሎ፣ ሲጠጉት ግን አሥር አረንጓዴ የሚያሳይ ነው።

የተላጠ ቀለም የሚመዘነው ከሁሉ በፊት በቦታው ነው። ታንከኛ የሚረግጠው የት ነው? ወደ ቱሬቱ የሚወጣበት ጠርዝ፣ የሚገባበት በር ዙሪያ፣ በየቀኑ የሚከፈተው የመሣሪያ ሳጥን ክዳን። እዚያ ይላጥ። ማንም በማይደርስበት የቱሬት ጉንጭ ላይ የተረጨ ጭረት ምክንያት የለውም። መጠኑንም ማሰብ ያሻል፤ በፒኔሎ ጫፍ የተነካች 1 ሚሊ ሜትር ነጥብ በእውነተኛው ታንክ ላይ የእንቁላል አስኳል ታህላለች። ቀለም በትነው በፀጉር ስፕሬይ ላይ ካደረቁ በኋላ በእርጥብ ብሩሽ የሚልጡ ሠሪዎች ከዚህ ያነሰ፣ የተሰባበረና ያልታቀደ የሚመስል ጭረት ያወጣሉ።

ዝገት ብዙዎችን ያሳስታል። በአገልግሎት ላይ ያለ ታንክ አካሉ እንደ ተጣለ ቆርቆሮ አይዝግም፤ ቀለም የሌለው ሰንሰለቱ ግን ቶሎ ቡናማ ይሆናል። ያም ቢሆን መሬት የሚነካው ጥርስና ጎማው የሚሄድበት ውስጠኛ ገጽ ተፍቆ ያበራል። ተጥሎ የቀረ ታንክ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ቀለሙ ይረግፋል፣ የጎማው ላስቲክ ይሰነጠቃል። ሠሪው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት። ቀበቶውን ታጥቆ ሊዘምት የተዘጋጀ ታንከኛ በዝገት በተበላ ታንክ ላይ ከተቀመጠ ታሪኩ ተጋጭቷል።

የቲ-55 ማርሚታ በግራ ፓራፋንጎ ላይ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ጥላሸቱ እዚያ ነው መሆን ያለበት። ናፍጣ የሚፈሰው በመሙያ ክዳኖቹ ዙሪያ ሲሆን፣ የፈሰሰበት ቦታ አቧራ ይዞ ይጠቁራል። የጎማ መሐል ላይ ያለ ግራሶ ሲፈስ ጎማው እየዞረ ስለሚበትነው ምልክቱ ከመሐል ወደ ዳር በየአቅጣጫው የወጣ እንጂ ወደ ታች ብቻ የወረደ አይሆንም። አቧራ ከላይ ዝርግ በሆነው ላይ ይተኛል፤ ሰው በሚረግጥበት ደግሞ ይጠረጋል። በጥሩ ሞዴል ላይ የትኛዋም ቆሻሻ ከየት እንደመጣች ስትጠየቅ መልስ አላት።

ውድድሮች ይህን ሁሉ በተለያየ መንገድ ይመዝናሉ። የዓለም አቀፉ የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር የአሜሪካ ቅርንጫፍ በተለምዶ ሥራዎችን እርስ በርስ አወዳድሮ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ይላል። በብረት ለበስ ላይ ብቻ የሚያተኩረው ኤኤምፒኤስ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ግን እያንዳንዱን ሥራ ለብቻው ከመስፈርት ጋር ስለሚያስተያይ፣ ሁሉም ከበቁ ሁሉም ወርቅ ያገኛሉ። ለመማር ለሚፈልግ ሰው ሁለተኛው ይሻላል፤ ከጎኑ ያለው ሰው ደካማ ስለነበረ ብቻ አይመሰገንምና።

ታንኩ መሬት ላይ ሲቀመጥ ፈተናው ይቀጥላል። በዚህ በኩል ብዙዎችን ያስተማረው አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሞኖግራም ለተባለው አምራች ኪቶች በሠራቸው ትዕይንቶች ሞዴል ከነአካባቢው ታሪክ መናገር እንደሚችል አሳይቷል። የቲ-55 ሰንሰለት 580 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ በ1/35 ደግሞ 16.6 ሚሊ ሜትር። ለስላሳ አፈር ከሆነ ከታንኩ ኋላ ሁለት ዱካ መኖር አለበት፤ ስፋቱም ከሰንሰለቱ ጋር እኩል፣ የጥርሱ አሻራም ተመሳሳይ። ደረቅ ድንጋያማ መሬት ከሆነ ጭረት ብቻ ይበቃል። 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑት ሰዎችም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደሉም። ቱሬት ላይ የተቀመጠው ታንከኛ ከሥሩ ብርሃን ማሾለክ የለበትም፤ በሩን የያዘው እጅ ጣቶቹ ብረቱን መጨበጥ አለባቸው። ከፋብሪካ የወጡ ምስሎች ለዚያ ታንክ ልክ ስላልተቀረጹ ይህ የሚገኘው ክርንና ወገብ ተቆርጦ፣ እንደገና ታጥፎና በስቱኮ ተሞልቶ ነው።