ለእራፊ ሥራ የምትሆን የስፌት መኪና

የስፌት መኪና ሊገዛ ፈልጎ የሚያማክረኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ዓይነት ስፌት ትሰፋለች?» ብሎ ነው። ሻጮችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፤ አበባውን፣ ዚግዛጉን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን። እራፊ እየገጣጠመ የአልጋ ልብስ ለሚሠራ ሰው ግን የምታስፈልገው ስፌት አንድ ናት፤ ቀጥ ያለችው። እሷን ሳታዛባና ጨርቁን ሳትሰበስብ የምትሰፋ መኪና ከተገኘች ሌላው ትርፍ ነው። ሲንጀር በ1933 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረባት «ፌዘርዌይት» የምትባል ትንሽ መኪና 5 ኪሎ ያህል ትመዝናለች፤ ከቀጥታ ስፌት በቀር ሌላ አታውቅም። ከተመረተች ብዙ ዘመን አልፏት እንኳ በአሜሪካ ያሉ እራፊ ሠሪዎች እያሰሱ ይገዟታል።

ምክንያቱ መርፌው ከሚገባበት ቀዳዳ ይጀምራል። ዚግዛግ የምትሰፋ መኪና መርፌዋ ግራና ቀኝ ስለሚሄድ የብረቷ ቀዳዳ ሰፊ ነው። የሦስት ማዕዘን እራፊ ሹል ጫፍ ሲቀርብላት መርፌው ጨርቁን ይዞ ይሰምጥና ክሩ ከሥር ይተበተባል። ቀጥታ ብቻ የምትሰፋዋ ቀዳዳዋ ጠባብና ክብ ነው፤ ጨርቁ የሚሰምጥበት ቦታ የለውም። ያለችኝ ዚግዛግ ናት የሚል ሰው በማይፈለግ ቁራጭ ላይ መስፋት ይጀምርና ሳያቆም ወደ ዋናው እራፊ ይግባ፤ ክሩን ሳይቆርጥም አንዱን ከሌላው እያስከተለ ይስፋ። ክርም ይቆጥባል፣ ጫፉም አይበላሽም።

መኪና ልመርጥ መርካቶ ስወርድ ከቤት የታጠበና የተተኮሰ አቡጀዲ፣ አዲስ 80 ቁጥር መርፌ እና ሁለት ቀለም ክር ይዤ ነው። ሻጩ ወፍራም ካኪ ላይ ሰፍቶ ሲያሳየኝ አመሰግነውና በራሴ ጨርቅ እንድሞክር እጠይቀዋለሁ፤ ካኪ የመኪናን ጉድለት ይሸፍናል። በቀኝ ጎኗ ያለውን መዘውር በእጄ ቀስ ብዬ ወደ ራሴ አዞራለሁ፤ የሚይዝ ወይም የሚንቋቋ ነገር ካለ እዚያው ይሰማል። ከዚያ ቀዩን ክር ከላይ፣ ነጩን በቦቢኑ ከታች አድርጌ አንድ ክንድ ያህል እሰፋለሁ። ገልብጬ ሳየው ቀዩ ከሥር ነጥብ ነጥብ ብሎ ከታየ የላይኛው ክር ላልቷል፤ ነጩ ወደ ላይ ከወጣ የላይኛው ከሯል ወይም የታችኛው ላልቷል። ቋጠሮው በሁለቱ ጨርቅ መሀል ሲደበቅ ነው ልክ የሚሆነው። መጀመሪያ ላይ አለመስተካከሉ መኪናዋን አያስጥላትም፤ ማየት የምፈልገው የውጥረቱን ብሎን ሳዞር ስፌቱ ሲለወጥ ነው። አዙሬ አዙሬ ምንም ካልተለወጠ ዋጋ ወደ መጠየቅ አልሄድም።

ቀጥሎ እኩል የተቆረጡ ሁለት ረጃጅም ጥብጣቦች ደርቤ ሳልጎትት እሰፋለሁ። መጨረሻው ላይ የላይኛው ተርፎ ከተገኘ፣ ከታች ያለው ጥርስ የሥሩን ጨርቅ እየወሰደ የላይኛውን ወደ ኋላ እያስቀረው ነው። እግሩን የሚጫነውን ከላይ ያለ ብሎን ላላ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

እራፊ ሥራ የሚጨንቀው የስፌት ዳር ስፋት ነው። የተለመደው ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቀሚስ ሲሰፋ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት ምንም አይደለም። እዚህ ግን 12 እራፊ በአንድ ረድፍ ሲገጠም 11 መጋጠሚያ አለ፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ከተበላ ረድፉ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ያጥራል። ከጎኑ ያለው ረድፍ በትክክል የተሰፋ ከሆነ ሁለቱ ከቶ አይገጥሙም። ስለዚህ አዲስ መኪና ላይ ስቀመጥ ከመርፌው ጫፍ 6 ሚሊ ሜትር ለክቼ ፕላስተር ደራርቤ እለጥፋለሁ፤ ጨርቁ ያንን ተደግፎ ይሄዳል። ልኩን የማረጋግጠው 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሦስት ጥብጣቦች ነው። ጎን ለጎን ተሰፍተው በካውያ ከተተኮሱ በኋላ የመሀለኛው ስፋት 3.8 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ካነሰ ፕላስተሩን ወደ መርፌው አስጠጋዋለሁ። ካውያውም በመጫን እንጂ በመግፋት አይደለም፤ ሲገፋ፣ በተለይ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ፣ ተለጥጦ ቅርጹን ይለቃል።

በእግር የምትሠራዋን መኪና አሮጌ ናት ብለው ለሚንቁ ሰዎች ብዙ የምለው አለኝ። በአገራችን በየሰፈሩ የምናያት የሻንጋይዋ «ቢራቢሮ» የተሠራችው በሲንጀር 15 ንድፍ ነው፤ ቀዳዳዋ ጠባብ፣ ስፌቷ ቀጥ ያለ። መብራት ሲጠፋ አትቆምም። ሁለቱም እጅ ነጻ ነው፤ ማዕዘን ላይ ሲደረስ በእግር አንዲት ስፌት ብቻ መስፋት ይቻላል። ከልብስ ፋብሪካ የሚወጡት የኢንዱስትሪ መኪኖችም ቀጥታቸው እጅግ ያማረ ነው፤ ሆኖም በደቂቃ እስከ 5,000 ጊዜ እንዲሰፉ የተሠሩ ስለሆኑ ሞተራቸው ፍጥነቱ የሚቀነስ ካልሆነ ለጀማሪ አልመክራቸውም።

መኪና የነካው እራፊ ሥራ ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ድሪቶ የድህነት ምልክት ተደርጎ ስለኖረ ክብር እንዲያገኝ በእጅ መሰፋት አለበት ብለው ያስባሉ። ሃሪየት ፓወርስ የተባሉት ጥቁር አሜሪካዊት በ1837 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለዱ፤ ከባርነት ነጻ ከወጡ በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በ11 ክፍል በጨርቅ ቆርጠው ሰፉ። አዳምና ሔዋን አሉበት፤ ቃየንና አቤል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ የጌታ ጥምቀትና ስቅለቱም። የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል አይቶ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሥራው በ1886 እ.ኤ.አ. ዓውደ ርዕይ ላይ ቀረበ፤ በኋላም ስለቸገራቸው በ5 ዶላር ሸጡት። ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። የተሰፋው ደግሞ በእጅም በመኪናም ነው። ሴትዮዋ መኪናውን ለሚያዋጣበት፣ እጃቸውን ለሚያዋጣበት አዋሉ፤ እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው።

ከባዱ ሥራ የሚመጣው ፊቱ፣ ጥጡና ገበሩ ተደርበው ሲሰፉ ነው። እዚህ የመኪናዋ ወገብ ይፈተናል። በመርፌውና በቀኝ ባለው ክንዷ መካከል ያለው ክፍተት በብዙዎቹ የቤት መኪኖች ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ የድርብ አልጋ ልብስ ግማሹ ተጠቅልሎ በዚያ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ከመሀል ተጀምሮ ወደ ዳር ይኬዳል። ከዚያ በፊት ሦስቱ በእጅ በረዥሙ ይወሰወሳሉ፤ ይህን የዘለለ ሰው ገበሩ ላይ እጥፋት ማግኘቱ አይቀርም። ባዘቶ ጥጥ ያስገባ ሰው የስፌቱን መስመሮች ማቀራረብ አለበት፤ መስመሩ ከአራት ጣት በላይ ከተራራቀ ጥጡ ሲታጠብ ይከማቻል። መርፌው 90 ቁጥር፣ የስፌቱ ርዝመትም ከገጠማው ትንሽ ረዘም ያለ ይሁን። የራሱ ጥርስ ያለው «የሚራመድ እግር» የሚባለው ከተገኘ የላይኛውንም የታችኛውንም እኩል ይወስዳል። ከግራና ከኋላ ጠረጴዛ ማስጠጋትም ይበጃል፤ የተንጠለጠለ ክብደት መርፌውን እየሳበ ያጣምመዋል፣ ይሰብረዋልም።

በዘይት ላይ ቀልድ የለም። የስፌት መኪና ዘይት እንጂ የምግብ ዘይት አይገባም፤ የምግቡ ሲደርቅ እየተጣበቀ መገጣጠሚያዎቹን ያስራል።

መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ የራሳችሁን ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። በጨርቃችሁ አላስሞክርም ያለ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሞክሩ። ሁለት መኪኖች ቀጥታ ስፌታቸው እኩል ካማረ ክንዷ ሰፋ ያለውን ውሰዱ። ለአበባና ለቅጠል ስፌት ልትጨምሩት የነበረውን ገንዘብ ደግሞ ጥሩ መቀስና የማይበጠስ የጥጥ ክር ግዙበት።