ነጣቂውና በር ዘጊው

በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ፣ አጥቂ ሆኖ መከላከልን ለተካነ ተጫዋች የሚሰጥ የፍራንክ ሴልኪ ዋንጫ የሚባል ሽልማት አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሲጀመር የሞንትሪያሉ ቦብ ጌይኒ ወሰደው፤ እስከ 1981 ድረስም ከእጁ አልወጣም። የጌይኒ ዋነኛ ሥራ የተጋጣሚን ኮከብ መያዝ ነበር። በኋላ ግን ድምፅ የሚሰጡት የስፖርት ጸሐፊዎች የሚከላከል ብቻ ሳይሆን ግብም የሚያስቆጥር አጥቂ ይሹ ጀመር። ከዚህ ዓይነቶቹ መካከል የዲትሮይቱን ፓቬል ዳትሱክንና የቦስተኑን ፓትሪስ በርዠሮንን ማነጻጸር ይገባል። ዳትሱክ ዋንጫውን ከ2008 እስከ 2010 በተከታታይ ሦስት ጊዜ፣ በርዠሮን ከ2012 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ አሸንፈዋል።

ዳትሱክ ነጣቂ ነበር። ፓክ የምትባለውን ጠፍጣፋ ጎማ እየነዳ በበረዶው ላይ የሚንሸራተተውን ባላጋራ ከኋላ ይደርስበትና ዱላውን በዱላው ሥር አሾልኮ ይወስድበታል። ገላውን አይነካውም። በገና ጨዋታ ሩር ሲሻማ ቅልጥሙን የተመታ አንባቢ የዚህን ክብደት አይስተውም። ለጨዋ አጨዋወት የሚሰጠውን የሌዲ ቢንግ ዋንጫም ከ2006 እስከ 2009 ለአራት ተከታታይ ዓመታት የወሰደው እርሱ ነው።

የበርዠሮን ጥበብ ግን ለዓይን አይሞላም። ፓኳ ልትላክበት በታሰበው መንገድ ላይ አስቀድሞ ይቆማል፤ ባላጋራው ያየዋል፣ ሐሳቡን ይለውጣል፣ ወደ ኋላ ይመልሳታል። በቃ፣ ምንም አልሆነም። ካሜራው ፓኳን ስለሚከተል እርሱ የዘጋው በር በሥዕሉ ውስጥ አይገባም።

ውበት ቢጠየቅ ያለማመንታት ዳትሱክ እላለሁ። የነጠቀው ሁሉ ወዲያው ጥቃት ይሆን ነበር፤ በ2008ም በ2009ም በተጠናቀቁት የውድድር ዘመናት ያገባውና ለግብ ያቀበለው ተደምሮ 97፣ 97 ነጥብ ደርሷል። በርዠሮን ከ79 አልፎ አያውቅም። ሆኖም ንጥቂያ የሚያስፈልገው ባላጋራ አስቀድሞ ፓኳን ሲይዝ ነው፤ ከሳቱትም ነጣቂው ከኋላ ይቀራል። በመከላከል ሚዛን ስለዚህ በርዠሮንን አስቀድማለሁ።

የሚያሳዝነኝ እርሱን የምናስታውስበት መንገድ ነው። በ2013 የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ፣ ትከሻው ወልቆ ተጫወተ፤ ሳንባው ተበስቶ ሆስፒታል ገባ። ስሙ በተነሣ ቁጥር የሚተረከው ይህ ጉዳት ነው፤ በሌሎቹ ምሽቶች የት ቆሞ እንደነበር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።